አንድ ቅጠል፣ ሦስት ዳኞች፤ የትምባሆ ነገር ከቦረና ሽማግሌ ደጅ እስከ አዋጅ ቁጥር 1112

በቦረና ባህል ለልጁ ሚስት የሚጠይቅ አባት የሴቷን ቤተሰብ ደጅ ባዶ እጁን አይረግጥም። ይዞ የሚሄደውም ወርቅ ወይም ብር አይደለም። ቡናና ትምባሆ ነው። የሴቷ ወገን ያንን ከተቀበለ ጥያቄው ጆሮ አግኝቷል ማለት ነው። ካልተቀበለ ደግሞ ማንም ክፉ ቃል ሳይናገር፣ ማንም ሳይዋረድ፣ ነገሩ እዚያው ላይ ይቆማል።

አሁን ከዚያ ደጅ ወጥተን ሜጋ ከተማ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ወዳለ አንድ ሱቅ እንግባ። እዚያም ትምባሆ አለ። በፓኮ ተጠቅልሎ፣ የፓኮው አብዛኛው ፊት የታመመ ሰው አካል በሚያሳይ ሥዕል ተሸፍኖ ይሸጣል። ያው ቅጠል ነው። አንዱ ጋ የሰላም መልእክተኛ ነው፤ ሌላው ጋ የሞት ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበታል።

በዚህች አገር ታሪክ ትምባሆ ሦስት ዳኞች ፊት ቀርቧል። አንደኛው "ርኩስ ነው" አለው። ሁለተኛው "ምርቃት ነው" አለው። ሦስተኛው "ገዳይ ነው" ይለዋል። ሦስተኛው ዳኛ በጤና ጉዳይ ትክክል ነው። ይሁንና ሁለተኛውን ሳይሰማ እየፈረደ ስለሆነ ፍርዱ ደቡብ ቆላ ላይ ሲደርስ ሰሚ ያጣል። እንዴት እዚህ እንደተደረሰ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

■ ቅጠሉ ከየት መጣ?

ትምባሆ የአፍሪካ ተክል አይደለም። አገሩ አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1492 ኮሎምበስ ባሕሩን ተሻግሮ እስኪደርስ ድረስ ከዚያ ውጭ ያለው ዓለም አያውቀውም ነበር። በዚያ አህጉር ግን ቅጠሉ መጀመሪያውኑ የፈዋሾች ነበር። በቬንዝዌላ የኦሪኖኮ ወንዝ ዴልታ የሚኖሩት ዋራዎ ሕዝቦች ዘንድ መንፈሳዊ ፈዋሹ ረጅም የትምባሆ ጥቅልል ያጨሳል፤ ጭሱ ለመናፍስት የሚቀርብ ምግብ ነው ተብሎ ይታመናል። በአማዞን ጫካ ፈዋሹ ጭሱን በበሽተኛው አካል ላይ እፍ ይልበታል። በሰሜን አሜሪካ ብዙ ነባር ሕዝቦች ትምባሆን ለጸሎትና ለቃል ኪዳን ያቀርቡታል። በእነዚህ ሁሉ ዘንድ የሥርዓቱ ትምባሆ የዕለት ሱስ ማስታገሻ አልነበረም። ወደ ማይታየው ዓለም የሚላክ መልእክት ነበር።

አውሮፓም መጀመሪያ የተቀበለው እንደ መድኃኒት ነው። በሊዝበን የፈረንሳይ አምባሳደር የነበረው ዣን ኒኮ በ1560 ገደማ ቅጠሉን ወደ ፈረንሳይ ቤተ መንግሥት የላከው ሕመም ያስታግሳል ብሎ ነው። ዛሬ "ኒኮቲን" የምንለው ስም የመጣው ከእሱ ስም ነው። ከዚያ በኋላ በነጋዴና በመርከበኛ እጅ ወደ እስያና ወደ አፍሪካ ተዛመተ።

ይህ ማለት በኢትዮጵያ የትኛውም የትምባሆ ሥርዓት ከጥቂት መቶ ዓመታት በላይ ዕድሜ ሊኖረው አይችልም ማለት ነው። "ከጥንት ከጠዋቱ የነበረ ባህላችን ነው" የሚለው ክርክር እዚህ ላይ አይሠራም። ነገር ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ቅጠል በጥቂት ትውልድ ውስጥ የጋብቻ፣ የእርቅና የምርቃት ዕቃ ለመሆን መብቃቱ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። ሕዝቡ ቅጠሉን እንዳለ አልተቀበለውም፤ በራሱ ሥርዓት ውስጥ ቦታ ሰጠው፣ ወግ አበጀለት።

■ አንደኛው ዳኛ፤ "ርኩስ ነው"

በሰሜኑ ደጋ ግን ቅጠሉ የገጠመው ሌላ ነው። በክርስቲያኑ ዘንድ ትምባሆ በመናፍቁ በአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ተክል ነው የሚል ትውፊት ነበር። ካህናት ያወግዙታል፤ አጫሽ ክርስቲያን ይነቀፋል። በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን ደግሞ ነገሩ ከነቀፌታ አልፎ ቅጣት ሆነ። የዘመኑ የውጭ ተጓዦች እንደጻፉት ትምባሆ ያጨሰ ከንፈሩን፣ ሱረት የሳበ አፍንጫውን እንዲቆረጥ ታዝዞ ነበር።

ይህን ከዘመኑ ፖለቲካ ለይቶ ማየት አይቻልም። በ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደርጎ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ የታወጀበት ዘመን ነው። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል የተባሉት ያኔ ነው። ትምባሆ፣ ጫትና ቡና በክርስቲያኑ ዓይን የእስላምና የ"አረመኔ" ምልክት ነበሩ። ስለዚህ ትምባሆን መከልከል ስለ ሳንባ አልነበረም። ማን የኛ ነው፣ ማን አይደለም የሚለውን ድንበር ማስመር ነበር።

የተከለከለ ነገር ግን መሸሸጊያ አያጣም። ትምባሆም ከተሸሸገባቸው ቤቶች አንዱ የዛር ቤት ነው። የፈረንሳዩ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ላይ ወራት ተቀምጦ የመልካም አያሁን የዛር ቤት ተከታትሎ ጽፏል። በዛር ሥርዓት እያንዳንዱ መንፈስ የራሱ አገር፣ የራሱ ሃይማኖትና የራሱ አምሮት አለው። አንዱ ቡና ይላል፣ አንዱ ሽቶ ይላል፣ አንዱ ጭሱን በውሃ እያሳለፉ የሚስቡበትን ጋያ ይላል። ቀን ላይ ነውር የሆነው ጭስ ማታ በዛሩ ስም ይፈቀዳል። ሱዳን ውስጥም እንደዚሁ ነው፤ አንትሮፖሎጂስቷ ጃኒስ ቦዲ እንደጻፈችው የ"ኸዋጃ" ዛሮች ማለትም የአውሮፓውያን መናፍስት የሚጠይቁት የጣሳ ምግብና ሲጋራ ነው። ዛር የጎረቤቱን ልማድ ሰብስቦ መድኃኒት የሚያደርግ ሥርዓት ነው።

አማርኛም በዚህ ፍርድ ውስጥ እጁ አለበት። በኦሮሞ ዘንድ "ቃሉ" ወይም "ቃሊቻ" የሚለው ቃል የተከበረ መንፈሳዊ መሪን ይጠራል። ወደ አማርኛ ሲገባ "ቃልቻ" ሆነ፤ ትርጉሙም ከጠንቋይ እኩል ወረደ። ቃልቻ ሲባል ብዙ አማርኛ ተናጋሪ ዓይነ ሕሊና ላይ የሚመጣው ጨለማ ቤት፣ ጭስና አታላይ ሰው ነው። በዚህ ቃል ውስጥ የተቀመጠው ንቀት ዛሬም በየስብሰባው፣ በየሥልጠናው፣ በየሚዲያው ይናገራል።

■ ሁለተኛው ዳኛ፤ "ምርቃት ነው"

አሁን ወደ ቦረና እንመለስ። እዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ነገሮችን በየስማቸው መለየት ነው። "ሻማን" የሚለው ቃል ከሳይቤሪያ ሕዝቦች ቋንቋ የተወሰደ ነው፤ መንፈስ የሚያነጋግር ፈዋሽን ይጠራል። የቦረና ቃሉ ከዚህ ይለያል። ሥልጣኑ በዘር የሚወርድ ነው፣ የጦር መሣሪያ አይዝም፣ መንፈስ ወርዶበት አይንቀጠቀጥም። ሥራው መመረቅና ሰላም መጠበቅ ነው። ከእሱ ሌላ ቀንና ኮከብ ቆጥሮ የዕለቱን ጠባይ የሚያውቅ አያንቱ አለ። የከብት ሆድ ዕቃ አይቶ የሚመጣውን የሚያነብ አለ። ሥር ምሶና ቅጠል ቀጥቅጦ የሚያክም ባለ መድኃኒትም አለ። እነዚህን ሁሉ "ቃልቻ" ብሎ በአንድ ጆንያ መክተት ዳኛን፣ ሐኪምንና ጳጳስን አንድ ሰው ነው እንደማለት ነው።

በመንፈስ የመያዝ ሥርዓትም በቦረና ምድር አለ። "አያና" ይባላል። በሰሜን ኬንያ በዋሶ ወንዝ ዙሪያ ስለሚኖሩት ቦረናዎች ስዊድናዊቷ ጉድሩን ዳል በ1989 ባሳተመችው ጽሑፍ የአያና ሥርዓትን እንደ ሕክምና ዘርዝራዋለች። እንደ ጎንደር ዛር ሁሉ ዓላማው መንፈሱን አባሮ መገላገል አይደለም። ከመንፈሱ ጋር ተስማምቶ መኖር፣ በሽተኛውንም ሕመሙን ከሚያውቁለት ሰዎች ማኅበር ጋር ማገናኘት ነው።

ትምባሆ በዚህ ሁሉ መካከል የት ነው ያለው? ቦረና ትምባሆን በብዛት ያኝከዋል እንጂ አያጨሰውም፤ "ታምቦ" ይለዋል። ታምቦ ከቡና ጋር ተጣምሮ የሚሄድ የአክብሮት ዕቃ ነው። ምርቃት ፈልጎ፣ ጉዳዩን ሊያስረዳ ወይም ምክር ሊጠይቅ ወደ ትልቅ ሰው የሚሄድ ይይዘዋል። ሽማግሌዎች ጥላ ሥር ተቀምጠው ነገር ሲያዩ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። ቡናው ደግሞ ደጋው እንደለመደው ተወቅጦ ብቻ አይቀርብም፤ "ቡና ቀላ" በሚባለው ሥርዓት ፍሬው በቅቤ ይጠበሳል። "ቀላ" ማለት ማረድ ነው። ቡናው እንደ መሥዋዕት ከብት ይታረዳል፣ ምርቃት ይወርድበታል።

ልብ በሉ፤ ሁለቱም የቦረና ምርት አይደሉም። ቦረና ከብት አርቢ ነው። ቡናው ከደጋ፣ ትምባሆው ከአራሽ ጎረቤት በንግድ ይመጣል። ታዲያ የከብት ባለቤት የሆነ ሕዝብ ለትልቁ ጉዳይ ለምን የተገዛ ዕቃ መረጠ? ምክንያቱ ሥርዓቱ ራሱ ውስጥ የሚታይ ይመስላል። ከብት ሀብት ነው፤ ከብት የሰጠ ባለ ዕዳ ያደርጋል። ትንሽ ትምባሆ ግን ማንንም ባለ ዕዳ አያደርግም። ድሀውም ሀብታሙም እኩል ሊይዘው ይችላል። እዚያው ተካፍለውት ያልቃል። የሚቀረው ንግግሩ ነው።

ሕክምናውም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። በቦረና አስተሳሰብ "ናጋ ቦረና" ማለትም የቦረና ሰላም የጤና ሁሉ መሠረት ነው። ሰው ከወንድሙ ከተጣላ፣ ሽማግሌ ካዘነበት፣ እርግማን ካለበት ጤናው ይታወካል፣ ከብቱ ይጎዳል፣ ዝናቡ ይዘገያል። ስለዚህ መድኃኒቱ ከሥርና ቅጠል ጋር እርቅን ይጨምራል። እርቅ ደግሞ መቀመጥ ይፈልጋል፤ መቀመጥ የሚካፈሉት ነገር ይፈልጋል። ሽማግሌው አኝኮ እንትፍ ብሎ ሲመርቅ ምራቁ ቃሉን ይሸከማል። ይህን ደገኛውም በደንብ ያውቀዋል፤ አያቱ እንትፍ እንትፍ ብላ መርቃ ያሳደገችው ሰው በዚህ ሊስቅ አይገባውም።

ቅጠሉ በአገራችን የተራ መድኃኒትነት ሥራም አለው። በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች አልቅት የገባበትን ከብት አፍንጫ በትምባሆ ጭማቂ ያክሙታል። አልቅቱን የሚገድለው ያው ሰውን የሚያዞረው ኒኮቲን ነው።

■ ሜጋ፤ ሁለቱ ዳኞች የተገናኙበት

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ጦር ቦረናን ወደ ምኒልክ ግዛት ሲያስገባ ከደጋ የመጣው ወታደር የራሱን ታቦት፣ የራሱን ጾምና ስለ ትምባሆ የራሱን ፍርድ ይዞ ነው የመጣው። በቦረና ምድር ላይ የተቆረቆሩት ከተሞች፣ ሜጋም ጭምር፣ እነዚህ ሁለት ፍርዶች ጎን ለጎን የኖሩባቸው ቦታዎች ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያለው ሰው በቅጠሉ ይጸየፋል። ለገበያ የመጣው የቦረና ሽማግሌ በቅጠሉ ይመርቃል። ሁለቱም ስለ ጤና አይደለም የሚያወሩት።

ከተማዋ ከዚያ በኋላ ብዙ አስተናግዳለች። የእንግሊዝ ቆንስላ ነበራት፤ ቆንስሉ አርኖልድ ሆድሰን ስለ ደቡብ ኢትዮጵያ ቆይታው መጽሐፍ ጽፏል። ጣሊያን ምሽግ ሠራባት። በየካቲት 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ጦር በብርድና በዝናብ ተዋግቶ ምሽጉን ያዘ። መንገዱ ሰፋ፣ የጭነት መኪና በዛ። በዚያ መንገድ የመጣው የፋብሪካ ሲጋራ ታምቦ የነበረውን ወግ ይዞ አልመጣም። አይካፈሉትም ባይባልም ለብቻ የሚጨስ፣ በማንኛውም ሰዓት የሚገዛ፣ ማንም ሽማግሌ የማይሰፍረው ነገር ነው።

■ ሦስተኛው ዳኛ፤ "ገዳይ ነው"

ዘመናዊው መንግሥት ትምባሆን መጀመሪያ ያየው እንደ ገቢ ምንጭ ነው። ከጣሊያን መባረር በኋላ በ1942 እ.ኤ.አ. ትምባሆ የመንግሥት ሞኖፖል ሆነ። አፄ ዮሐንስ አፍንጫ ያስቆረጡበት ቅጠል በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ የዘውዱ ግምጃ ቤት ገቢ ሆነ ማለት ነው። ሞኖፖሉ በደርግም በኢሕአዴግም ዘመን ቀጠለ። በ2016 እ.ኤ.አ. የጃፓኑ ትምባሆ ኩባንያ ጃፓን ቶባኮ የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በዓመቱ ደግሞ ተጨማሪ ወደ 31 በመቶ የሚጠጋ ድርሻ በ434 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ።

በዚያው ዘመን መንግሥት በሌላ እጁ ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት በ2006 ዓ.ም. አጸደቀ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1112 ወጣ። ማስታወቂያ ተከለከለ፣ በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስ ተከለከለ፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥ ተከለከለ፣ የፓኮው 70 በመቶ በሥዕል የታገዘ ማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን ታዘዘ። አዋጁ በአፍሪካ ከጠንካሮቹ አንዱ ነው፤ ሊመሰገንም ይገባል።

ግን አንድ ጥያቄ አለ። በገበያ ቀን መሬት ላይ ተዘርግቶ የሚሸጥ የትምባሆ ቅጠል ፓኮ የለውም። ፓኮ የሌለው ነገር ማስጠንቀቂያ የሚለጠፍበት ፊት የለውም። የማጨስ ክልከላም ለሚያኝክ ሰው ምኑም አይደለም። ሕጉ የተቀረጸው ከተሜውን አጫሽ እያሰበ ነው። ቆላው ላይ ታምቦ የሚያኝኩት አዛውንት በሕጉ ዓይን ውስጥ አልገቡም።

መግባት ግን ነበረባቸው። ወግ መርዝን አያከሽፍምና። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የማይጨስ ትምባሆን ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል። የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ዋናዎቹ ናቸው። በደቡብ ቆላ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በሜጋና በዱብሉቅ አካባቢ ካሉት የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ጥቁር የጨው ጭቃ ጠልቀው የሚያወጡ ሰዎች አሉ፤ በአህያ ተጭኖ ለሰውም ለከብትም ይሸጣል። ከዚህ ዓይነቱ ጉድጓድ የሚወጣውን "መጋዶ" የሚባል ማዕድን ከትምባሆ ጋር ቀላቅለው ያኝኩታል። እንዲህ ያለው የአመድ ጠባይ ያለው ጨው ኒኮቲኑን ከቅጠሉ ያላቅቀዋል፤ በአፍ ሥጋ በኩል ፈጥኖ ወደ ደም እንዲገባ ያደርገዋል። አዛውንቱ "መጋዶ ከሌለው አይጥምም" ቢሉ ምላሳቸው ኬሚስትሪውን በትክክል አውቆታል። ሱሱም የሚጠነክረው በዚሁ ምክንያት ነው።

■ ታዲያ ምን ይደረግ?

ይህን ጥያቄ ሌሎች ቀድመው ተጋፍጠውታል። በአሜሪካና በካናዳ የነባር ሕዝቦች የጤና ሠራተኞች ሁለት ትምባሆ አለ ብለው ማስተማር ከጀመሩ ቆይተዋል፤ አንዱ የጸሎት፣ አንዱ የገበያ። "ትምባሆ ቅዱስ ነው፤ ስለዚህ በየሱቁ እየገዛችሁ አታርክሱት" ይላሉ። የካናዳዋ ኦንታሪዮ ግዛት ጥብቅ የማጨስ ክልከላ ሕግ አላት፤ ሕጉ ግን ነባር ሕዝቦች ትምባሆን ለባህላዊና መንፈሳዊ ሥርዓት የመጠቀም መብታቸውን ለይቶ ይጠብቃል። ሱስን ለመዋጋት ሥርዓቱን ማዋረድ አላስፈለጋቸውም። እንዲያውም ሥርዓቱን መሣሪያ አደረጉት።

ቦረና ለዚህ የሚሆን የራሱ ተቋም አለው። ጉሚ ጋዮ በየስምንት ዓመቱ ይሰበሰባል፣ ሕግ ያያል፣ ያሻሽላል፣ ያውጃል። የገዳ ሥርዓት ራሱ በ2016 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገብቷል። የጤና ጽሕፈት ቤት በማይክራፎን "ትምባሆ ይገድላል" ብሎ ከሚያልፍ ይልቅ ከአባ ገዳዎችና ከሽማግሌዎች ጋር ቢቀመጥ ጥያቄው ይለወጣል። ጥያቄው "ባህላችሁን ተዉ" መሆኑ ይቀርና "ታምቦ ለደጅ መጥኚያ፣ ለእርቅና ለምርቃት ነበር፤ ከመቼ ወዲህ ነው ከጠዋት እስከ ማታ ከጉንጭ የማይወጣው?" ይሆናል። ይህን ጥያቄ ሽማግሌ ለሽማግሌ ሲጠይቀው ይሰማል። ቡናው ብቻውን ደጅ መጥናት ይችል እንደሆነም የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ። "ለሱስ የባህል ልብስ አታልብሱት፤ ነገ ኩባንያው ራሱ የባህል ጠበቃ ሆኖ ይመጣል" ይባላል። ስጋቱ እውነት ነው። ስለዚህ መስመሩ ግልጽ መሆን አለበት። ሥርዓቱን ማክበር ሽያጩን መጠበቅ አይደለም። በሥርዓቱ ውስጥ ያለው ትምባሆ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ነገር ነው፤ የትኛውንም ፋብሪካ አያኖርም። ኩባንያ የሚኖረው ከልማዱ በወጣው ሰው ነው፤ ለብቻው፣ በየቀኑ፣ ሳይቆጥር ከሚገዛው።

በአፄ ዮሐንስ ዘመን ቅጣት ፈርቶ ትምባሆውን የደበቀ እንጂ የተወ ስንት እንደነበር ታሪክ አልቆጠረም። ጋያው ግን ከዛር ቤት አልጠፋም። በንቀት የመጣ ክልከላ ሰውን ያስሸሽጋል እንጂ አያድንም። ዛሬ ሜጋ ጤና ጣቢያ ውስጥ አፋቸው ቆስሎ የተቀመጡ አዛውንት ከነጭ ጋዋን ለባሹ ወጣት ፊት "ታምቦ አኝካለሁ" ለማለት ካፈሩ፣ ቁስሉ ካንሰር እስኪሆን ዝም ይላሉ። ወጣቱ ቅጠሉ በአዛውንቱ እጅ ምን እንደነበር የሚያውቅ ከሆነ ግን የመጀመሪያው ጥያቄው "አባ፣ ታምቦ ያኝካሉ ወይ?" ይሆናል፤ ሁለተኛው ደግሞ "አፍዎን ልይልዎ"።